አጥንት ሰባሪውን ፍለጋ

ሦስት ክረምት በተከታታይ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ወጥቻለሁ። ልጆቼን እህቴ ጋ እተዋለሁ። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ክረምቱን አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይገኝም። ሻንጣዬ ውስጥ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽርና አንድ ደብተር እይዛለሁ። ሚኒባስ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ "አማቶቼ ጋ" እላለሁ። እሱም እውነት ነው። ቀኑን የማሳልፈው ግን ገደል ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ አሞራ በመጠበቅ ነበር።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። አባቴ ከሰሜን በሥራ ተዛውሮ መጥቶ አርባ ምንጭ የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ የዶርዜ ሰው አገባሁ። ወፍ ማየት የጀመርኩት ተማሪዎቼን ይዤ ጫሞ ዳር ከወረድኩ በኋላ ነው። ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ቆመን ስለ ምግብ ሰንሰለት ላስረዳ ስል፣ ተማሪዎቹ ወፎቹን እየጠቆሙ ስማቸውን ይጠይቁኝ ጀመር። አብዛኞቹን አላውቃቸውም ነበር። አፍሬ መጽሐፍ ፈለግሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ቀረሁ።

ስለ አሞራው የነገሩኝ የባለቤቴ አባት ናቸው። እኔም እንደ ልጆቻቸው አባባ ነው የምላቸው። ሸማኔ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ብዙ ዓመት ሸምነዋል፤ አማርኛውንም የተማሩት እዚያ ነው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ሽመናውን ትተው እንሰታቸውንና ጥቂት የአፕል ዛፎቻቸውን ይንከባከባሉ። በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ወንዱንና ሴቱን ስለሚቀላቅል ልጆቻቸው ይስቁባቸዋል። እኔ ስቄ አላውቅም፤ የእሳቸውን ቋንቋ የምናገረው ከዚያ በባሰ ሁኔታ ነውና።

ሙሽራ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ስሄድ ምን እንደማስተምር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ይዘውኝ ሄዱ። ከቤታቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ የአጥንት ስብርባሪ ተበትኖ ነጭ ሆኖ ነበር።

"አጥንቱን በእግሩ ይዞ ትወጣለች" አሉኝ፣ በእጃቸው ወደ ላይ እያሳዩ። "ከዚያ ትለቀዋለች። ድንጋዩ ላይ ሲሰበር ወርዶ ይውጠዋል።"

ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ደረቱ ቀይ አፈር የተቀባ የሚመስል፣ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም የተንጠለጠለበት፣ ጅራቱ ረጅምና ጫፉ የሾለ፣ አጥንት የሚበላ ትልቅ አሞራ። በአማርኛ ማን እንደሚባል እኔም አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። ሁለታችን ተስማምተን አጥንት ሰባሪ አልነው። ሁለት ናቸው አሉኝ፣ ባልና ሚስት፤ ገደሉ ውስጥ የአባባ አባት ልጅ ሳሉ ጀምሮ የኖረ ጎጆ አላቸው። በዚያ ቀን ግን አልመጡም። ሌላ ጊዜ እናያቸዋለን ብለን ተመለስን።

ሌላው ጊዜ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ልጅ ወለድኩ፣ ደገምኩ። ወደ ዶርዜ የምንወጣው ለመስቀል ብቻ ሆነ፤ በመስቀል ደግሞ ቤቱ በእንግዳ ስለሚሞላ ገደል የሚያወጣ ጊዜ የለም። ትንሿ ልጄ መሮጥ ስትጀምር ነው፣ አሁንስ ይህን አሞራ ሳላይ አልሞትም ብዬ የተነሣሁት።

አባባ ለምን በክረምት እንደምመጣ አልጠየቁኝም። ትምህርት የሚዘጋው ያኔ እንደሆነ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ክረምት አምስት ጠዋት ወጣን፤ አምስቱንም ጉም ነበር። በሁለተኛው አንድ ቀን ሰማዩ ተከፍቶልን ታች ድረስ ሁለቱም ሐይቆች ታዩ፣ ዓባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ጠቁሮ። ጭልፊት አየሁ፣ ቁራዎች አየሁ። አጥንት ሰባሪው የለም። "ትመጣለች" ይሉኛል አባባ በየቀኑ። እኔም ደብተሬ ላይ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ እጽፍና ከጎኑ "አልታየም" እላለሁ።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ሐምሌ አጋማሽ ደረስኩ። ታች አርባ ምንጭ በሸሚዝ ነበርኩ፤ ጠመዝማዛውን ዳገት ስንጋመስ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጋቢውን ይከናነብ ጀመር። ስወርድ ከጉሙ ውስጥ አባባ ብቅ አሉ። ቡሉኮ ለብሰው፣ በትር ይዘው፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ከአምናው ከስተዋል። ሻንጣዬን ሊቀበሉኝ ሲሉ እምቢ አልኩ፤ እሳቸውም እንደ ሌላው ጊዜ አልታገሉኝም።

ሦስት ጠዋት ወጣን። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን፣ ድንጋዩ አጠገብ ካለች የተጠለለች ቦታ ቁጭ እንላለን። አባባ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት ያደርጋሉ። ከዚያ እንጠብቃለን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ፊታችንን አልፎ ወደ ቀርከሃው ይገባል። አንዳንዴ ለአፍታ ይገፈፍና የተቃራኒውን ገደል ግድግዳ አያለሁ፤ መነጽሩን ሳነሣ መልሶ ይዘጋል። ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘው እርሳስ መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ እንቀመጣለን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ልብ አልኩ። አባባ ወደ ሰማይ አያዩም። ቀድሞ ከእኔ ቀድመው "ያውና፣ ወደዚያ ተመልከቺ" የሚሉት እሳቸው ነበሩ። አሁን የሚያዩት መሬቱን ነው፤ ወይም እኔን።

በአራተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት መንገድ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። ድንጋዩ ጋ ልንደርስ ስንል አባባ አዳለጣቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። ሮጬ ደገፍኳቸው። ሱሪያቸው ተቀድዶ ደም ወጣ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳቸውና በሻርቤ አሰርኩላቸው።

ያኔ አጎንብሼ ስለነበር ነው ድንጋዩን በደንብ ያየሁት። ስብርባሪዎቹ ነጭ አልነበሩም። አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ወጥቶባቸዋል። በስንጥቁ ውስጥ ከተሰገሰጉት መካከል ሣር በቅሏል። አንዱን አንሥቼ በጣቴ ፋቅሁት፣ ተፈረፈረ። የዓመት አጥንት አልነበረም፤ የሁለት ዓመትም አይመስልም። ሦስት ክረምት እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ሰማይ ላይ ተክዬ፣ የተቀመጥኩበትን አላየሁም።

"አባባ" አልኳቸው፣ "ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?"

"ቆየ።"

"ስንት ዓመት?"

"ትንሿ ልጅሽ ጥርስ ሳታበቅል።"

ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

"ሞቱ" አሉ በትራቸውን እያዟዟሩ። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

ቀስ ብለው ነገሩኝ። በዚያ ዓመት ጅብ ጥጃቸውን በላ። ከዚያ በፊት የሰፈሩን በግ ሁሉ ሲጨርስ ከርሟል። ጥጃዋን ሲበላ ግማሹን ትቶት ስለሄደ፣ ለተረፈው እንደሚመለስ አወቁ። ሥጋው ላይ መድኃኒት አፈሰሱበት። በነጋታው ሲሄዱ ሁለት ጅብ ሞቷል። የጎረቤታቸው ውሻም ሞቷል። ሌሎች አሞራዎች እዚህም እዚያም ወድቀዋል። አጥንት ሰባሪዎቹ፣ አንዱ እዚያው ጥጃዋ አጠገብ፣ ሌላው ትንሽ በርሮ ገብስ ማሳ ውስጥ።

"ሦስት ዓመት እኔን ይዘው የመጡት ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ከሌላ አገር አንድ ቢመጣ ብዬ። ቦታው ባዶ ነው፣ ጎጆው አለ። በየቀኑ እጸልይ ነበር።"

ተናድጄ ነበር። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምናገረውን ሁሉ አባባ ላይ አወረድኩት። መርዝ ከእንስሳ ወደ እንስሳ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ እነዚህ አሞራዎች በዓመት አንድ ጫጩት እንኳ ማሳደግ እንዴት እንደሚከብዳቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ሰሙኝ። ከዚያ፣ እንደ ፖሊስ፣ "ምን መድኃኒት ነው? ከየትስ አመጡት?" አልኩ።

"ተይው ልጄ።"

"ይንገሩኝ እንጂ።"

"የአፕሉን ነው" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ መልሰው።

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። በዚያ ዓመት አባባ ስልክ ደውለው ነበር። አፕሎቹን ትል ፈጃቸው፣ ከተማ መድኃኒት ካለ ብለው። ትንሿን ልጄን አዝዬ የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጠንካራውን ልስጥሽ ወይስ ሌላውን ሲለኝ ጠንካራውን አልኩት። ሁለት ጠርሙስ ነበር። በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቤ ጠቅልዬ ለሚኒባሱ ረዳት ሰጠሁት። እንዴት እንደሚጠቀሙበት አልነገርኳቸውም፣ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነም አልነገርኳቸውም። ማታ ለባለቤቴ አባትህን ረዳሁልህ ብዬ ኮርቼ እንደነገርኩት አስታውሳለሁ።

የደበቁኝ ለራሳቸው አፍረው ብቻ አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ ደገፍኳቸው። የባለቤቴ እናት፣ እማማ፣ በር ላይ ሆነው "አያችሁት?" ሲሉ አባባ "ጉም ነበረች" አሉ። እማማ ቆጮና ዳጣ አቀረቡ። ከሰዓት በኋላ አሞራዎቹን የት እንዳደረጓቸው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። እያነከሱ ከእንሰቱ መጨረሻ፣ ከአጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። ውሻ አውጥቶ በልቶ እንዳይሞት ብለው ጠለቅ አድርገው ቆፍረው ነበር የቀበሯቸው። ከመቅበራቸው በፊት የአንዱን ሁለቱንም ክንፍ ዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንዳቸው ለክተዋል፤ ሸማኔ አይደሉ። ስድስት ክንድ አልፏል አሉኝ። ቦታው ላይ አሁን ጎመን በቅሏል።

ባለቤቴን ደወልኩለት። ያውቅ ኖሯል። "ምን እንድልሽ ፈለግሽ?" አለኝ። "ነገሩ አልፏል። ለአሞራ ብለሽ አባቴን ሰው ፊት እንዳታሳፍሪያቸው።"

በማግሥቱ ጠዋት አባባን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። "ሌሎች ሰዎች አሁንም እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ያደርጋሉ። ጅብ ሲመጣ ምን ያድርጉ?"

"እርስዎ ቢነግሯቸው ይሰማሉ።"

"ብናገር መድኃኒቱን ከየት አመጣህ ይሉኛል።"

"ምራቴ ናት የላከችው ይበሉ" አልኩ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ሰፈሩ ውስጥ ዱቡሻ የሚባል ሜዳ አለ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአካባቢውን ጉዳይ የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት። እዚያ የቆመ ሰው ሐሰት አይናገርም። አባባ ወንጌል ከተቀበሉ በኋላ ብዙ ነገር ትተዋል፣ ይህን ግን አልተዉም። በዚያ ሳምንት ስለ ውኃ ቦኖው ስብሰባ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። እኔ ከቀርከሃው አጥር አጠገብ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆምኩ።

ተራቸው ሲደርስ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በራሳቸው ቋንቋ ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነው፤ አይንተባተቡም፣ ቃል አይፈልጉም። ግማሹን እሰማለሁ። ጥጃዋን፣ ጅቡን፣ ሥጋው ላይ ያፈሰሱትን፣ አሞራዎቹን ተናገሩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ የሆነ ጥያቄ ጠየቋቸው፣ አባባም መለሱ። መልሱን ሙሉ በሙሉ ሰማሁት፤ እኔ እንኳ የሚገባኝ ቀላል ዓረፍተ ነገር ነበር። ራሴ ከተማ ወርጄ ገዛሁት፣ አሉ።

ወደ እኔ አላዩም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሴት ሆኜ፣ ምራት ሆኜ፣ ሽማግሌዎች ፊት ማን ተናገሪ አለኝ ብዬ አሰብኩ። ቋንቋቸውን አልችልም ብዬ አሰብኩ፤ በአማርኛ ብናገር አብዛኞቹ እንደሚሰሙኝ እያወቅሁ። አሁን ብነሣ እሳቸውን ውሸታም አደርጋቸዋለሁ ብዬም አሰብኩ። ይህን ሁሉ ሳስብ ሌላ ሰው ተነሣ።

ውሻው የሞተበት ጎረቤታቸው ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ። ውሻዬን የገደለው ሌላ ሰው መስሎኝ እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው ጋር ሰላምታ አቁሜያለሁ አለ። ከዚያ ተቀመጠ። አንድ ሌላ ሰው፣ እሺ መድኃኒቱን እንተው፣ ጅቡንስ ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ቡሉኳቸውን ሳብ ሳብ አድርገው ወደ ውኃው ጉዳይ ተመለሱ።

በነጋታው ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። አባባ ጉልበታቸው ስላበጠ መኪናው ድረስ አልሸኙኝም፤ በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ባረኩኝ። ስለ ስብሰባው አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም።

ትምህርት ሲጀመር የምግብ ሰንሰለት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ አስተማርኩ። ለመስቀል ወጥተን ቤቱ እንደ ወትሮው በሰው ሞላ። አባባ ይስቁ ነበር፣ ልጆቼን ታፋቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። እኔን ሲያናግሩኝ ግን ዓይናቸውን ከዓይኔ ቶሎ ያነሣሉ፤ ወይም የማነሣው እኔ ነበርኩ። ጉልበታቸው እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ገደሉ ጫፍ ከዚያ ወዲህ አልሄዱም።

ታኅሣሥ ላይ ለሁለት ቀን ብቻዬን ወጣሁ። በዚያ ሳምንት ጅብ የዚያን ውሻው የሞተበትን ጎረቤት በግ ወስዶ ነበር። ስደርስ አባባና ጎረቤታቸው ግቢው ውስጥ የቀርከሃ ግድግዳ እየሠሩ አገኘኋቸው፤ በጎቹ ሌሊት የሚያድሩበት፣ ጣሪያው ሳይቀር ድርብ ሆኖ የተጠላለፈ ጋጣ። አባባ ተቀምጠው ቀርከሃውን እየሰነጠቁ ያቀብላሉ፣ ጎረቤቱ ይጠላልፋል። ሹራቤን አውልቄ እኔም ገባሁ። ስንጥቁ እጄን ቆረጠኝ፣ በመሐረብ አሥሬ ቀጠልኩ። ምሳ ሲደርስ አባባ እያነከሱ ወደ ቤት ገቡና እኔና ጎረቤቱ ብቻችንን ቀረን።

አማርኛ በደንብ ይችላል። ብዙ አላሰብኩም፣ ብዙ ባስብ ደግሞ አልናገረውም ነበር።

"ያንን መድኃኒት የገዛሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "አባባ እኔን ለማዳን ብለው ነው እንደዚያ ያሉት። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።"

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ጥሩ ውሻ ነበር" አለ።

"ይቅርታ።"

አንዱን ቀርከሃ ሰክቶ በጉልበቱ ገፋው፣ መጥበቁን አረጋገጠ።

"ለሽማግሌዎቹም ልንገራቸው?" አልኩት። "ዱቡሻው ላይ?"

"አባትሽን ጠይቂያቸው" አለ። "እዚያ የተነገረው ቃል የእሳቸው ነው።" ከዚያ ፊቱን ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። "ገመዱን አቀብዪኝ።"

አቀበልኩት። አባባ የቆጮ ሰሐን ይዘው ከበሩ እየወጡ ነበር፤ እንዳይወድቁ ሄጄ ተቀበልኳቸው።